ርዕስ የሌለው እንቆቅልሽ

እኛ ዘንድሮ መስቀልን ያሳለፍነው አንጋጫ፣ በባለቤቴ ወላጆች ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ፤ የልጄም ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ግን የለውም። እሱ ከምባትኛ አያውቅም፤ እሳቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙም አይናገሩም። በመካከላቸው ያለው ፈገግታ ብቻ ነው። ይህ ነገር በየዓመቱ ያንገበግበኛል።

ሻማ አብርቼ፣ የሂሳብ ደብተር ገልጬ መስቀለኛ ቃላት ሠራሁ። የመጀመሪያው ርዕስ ነበረው፦ የዱር እንስሳት። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ… ልጄ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፍንጩን ማንበብ ተወ። እውነቱን ነው። ርዕሱን ካወቀ የቀረው ፊደል መቁጠር ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ያለ ርዕስ ሠራሁት። ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አርተር ዊን የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት በኒውዮርክ ጋዜጣ ያወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ኒውዮርክ ታይምስ ዓርብና ቅዳሜ የሚያወጣቸው ከባዶቹ እንቆቅልሾች ብዙውን ጊዜ ርዕስ የላቸውም። ቀጣዩ ፍንጭ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከእግር ኳስ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ካርታ ይዘላል። አንዱ ላይ የተዘጋበት ሰው ሌላው ላይ በር ያገኛል።

በአማርኛ መሥራት ግን ሌላ ፈተና አለው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ይበቃዋል፤ የኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ሁለት ቃላት «ጫ» ላይ እንዲገናኙ ከፈለጋችሁ «ጨ» አይሠራም። በሌላ በኩል ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ለተንኮለኛ ፍንጭ የተመቸ ነው። «ሐይቅ ውስጥም ቢሮ ውስጥም አለ፤ ሁለት ፊደል» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ብዙ ካሰበ በኋላ «ዋና!» ብሎ ጮኸ። እስቲ አንዴ አላልታችሁ፣ አንዴ አጥብቃችሁ አንብቡት። ጣዕሙ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊታችን ነበር።

ጥፋትም ሠርቻለሁ። ልጄ ሳይወለድ የነበረ ዘፋኝ ስም ከአንድ የሩቅ አገር ወንዝ ስም ጋር አቋረጥኩ። ሁለቱንም የሚያውቅ ስላልነበረ የሚገናኙበት ሳጥን ባዶ ቀረ። ቢያንስ አንደኛው ቃል የታወቀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ፈቺውን ገደል አፋፍ ወስዶ ድልድዩን መንጠቅ ነው።

ደግነቱ በሌላው ጥግ አንድ ነገር ሆነ። ወደ ጎን፦ «አሁን ያለንበት፤ አራት ፊደል»። ልጄ ወዲያው «አንጋጫ» ሞላ። በመጨረሻው ፊደል የሚያልፈው ደግሞ ወደ ታች፦ «ከእንሰት ይወጣል፤ አይበላም፤ ሁለት ፊደል»። ልጄ ቆጮ አለ፤ ይበላል። ቡላ አለ፤ እሱም ይበላል። ደግሞስ «ጫ» የታል? ፍንጩን ጮክ ብሎ ደገመው።

አያቱ ከምድጃው ዳር ተነሱ። ከግድግዳው ላይ አንድ የገመድ ጥቅል አወረዱና ጭኑ ላይ ጣሉለት። ልጄ ገመዱን በጣቱ ፈተለው፣ አሸተተው፣ ወደ አባቱ ዞረ። አባቱ ሊነግረው ሲል እሳቸው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙትና ራሳቸው በአማርኛ ተናገሩ፦ «ቃጫ»።

ልጄ ሁለቱን ፊደላት ጻፈ። ጫዋ ልክ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ልጄ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ከአያቱ ጎን ተቀምጦ መስመር ያሰምራል። እኔን ሲያይ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦

«እማዬ፣ ቆጮ በአያቴ ቋንቋ ‹ዋሳ› ነው አይደል? እሱም ሁለት ሳጥን ይበቃዋል?»