በቅጽሎች መካከል ስለሚገባው ነጠላ ሰረዝ

በሐይቅ አካባቢ ያንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተር ባጋጣሚ እጃችን ገብቶ ተመለከትነው። ተማሪው የገበሬ ልጅ ነው። «አባቴ ሁለት ትልልቅ ጥቁር በሬዎች አሉት» ለማለት «ማይ ፋዘር ሃዝ ቱ ቢግ ብላክ ኦክስን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያላንዳች ምልክት ጽፏል። መምህሩ ግን ከ«ቱ» በኋላ አንድ፣ ከ«ቢግ» በኋላም አንድ ነጠላ ሰረዝ በቀይ ቀለም ጨምረው ነጥብ ቀንሰውበታል። ልጁ ትክክል ነበረ፤ የተሳሳተው ቀዩ ቀለም ነው። ልጁ ግን ስሕተቱ የራሱ መስሎት፣ ከዚያ ወዲህ ቅጽል ባየ ቍጥር ሰረዝ ይበትናል።

እኛ መምህራንን ለመዝለፍ አልተነሣንም። የምንቃወመው «ሁለት ቅጽል ባንድ ስም ፊት ከተሰለፈ በመካከላቸው ሰረዝ ይግባ» የሚለውን፣ ምክንያቱ ሳይነገር በቃል ብቻ የሚጠናውን ደንብ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሥርዐት እንዲህ አይልም። ቅጽሎቹ እኩያሞች ሆነው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስሙን ሲገልጹ ሰረዝ ይለያቸዋል፤ «ኤ ፔሸንት፣ ሃምብል ቲቸር» እንደሚባለው ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ፊተኛው ኋለኛውንና ስሙን ባንድነት ሲገልጽ ግን ሰረዝ አይገባም፤ «አን ኦልድ ስቶን ሃውስ» የሚለው ለዚህ ምሳሌ ነው። በመጨረሻው ቅጽልና በስሙ መካከል ደግሞ ከቶ ሰረዝ አይገባም።

ተማሪው ይህን በምን ይለየው? ፈተናው ሁለት ነው። አንደኛው፣ በቅጽሎቹ መካከል «እና» ማለት ይቻል እንደ ሆነ መሞከር፤ ሁለተኛው፣ ቦታቸውን ማለዋወጥ ነው። ሁለቱም ከተቻለ ሰረዝ ይግባ፤ ካልተቻለ ይቅር። እነሆ፣ ልጁ ይህን ፈተና ከእናቱ ጕያ ጀምሮ ያውቀዋል። «ታጋሽና ትሑት መምህር» ይላል፤ «ትሑትና ታጋሽ መምህር» ቢልም ነገሩ አይፋለስበትም። ነገር ግን «አሮጌ የድንጋይ ቤት» የሚለውን «አሮጌና የድንጋይ ቤት» ብሎ የሚናገር ማን ነው? በሐይቅ ገበያ ከብት የሚነዳ ገበሬስ «ሁለትና ትልልቅ በሬዎች» ቢል ሰው አይሥቅበትምን? ቍጥሩ ይቀድማል፣ መጠኑ ይከተላል፣ ቀለሙ ለጥቆ ስሙ ይመጣል። በዚህስ አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ሆኖም «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ አይነገር» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሐሳባቸው ከበጎ የመነጨ መሆኑን አንክድም፤ ልጁ ቋንቋውን ካልሰማና ካልተናገረበት አይለምደውምና። ነገር ግን መልመድ ሌላ፣ ማስተዋል ሌላ ነው። በአማርኛ ሁለት ደቂቃ የሚበቃውን ምክንያት በማይገባው ቋንቋ ሲሰማ የሚውል ተማሪ፣ ከትምህርቱ ይዞ የሚወጣው ፍርሃትን ብቻ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነም፣ ፍርሃቱ ወደ ሒሳቡም ወደ ታሪኩም ይከተለዋል።

እርግጥ ነው፣ የአማርኛ ጆሮ በሁሉ ስፍራ አያደርስም። እኛ «ትልቅና ጥቁር በሬ» ብንል የሚገሥጸን የለም፤ እንግሊዝኛው ግን መጠንንና ቀለምን በ«እና» ማያያዝን አይወድም። እንዲህ ሲሆን መምህሩ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩበትን ድንበር ያሳይ። ድንበሩንም የሚያውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ነው እንጂ ያንዱን በር የዘጋ አይደለም።

«ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ስለ አንዲት ሰረዝ መከራከር ቅንጦት ነው» የሚሉም አይጠፉም። እኛ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የምንጽፍ ሰዎች ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም። «አሥር አዲስ የብረት ጠረጴዛ» ተብሎ የታዘዘውን «አሥር፣ አዲስ፣ የብረት ጠረጴዛ» ብለን ብንጽፈው፣ የግምጃ ቤቱ ሹም አሥሩ ምን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ወረቀቱን ይመልስልናል። ሰረዝ ነገርን ከነገር ይለያል፤ ያለ ቦታው ሲገባም አንዱን ነገር ይከፍለዋል።

ከዚህም የከበደ ምስክር አምባሰል ውስጥ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድን ሲሰጥ በኢጣልያንኛው ግዴታን አሰረ። ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈታ። በዚያ የተለያየው ግሥ እንጂ ሰረዝ አልነበረም፤ ነገር ግን የባዕድን ቋንቋ ከራስ ቋንቋ ጋራ አስተያይቶ መመርመር ለተማሪ ጨዋታ አለመሆኑን የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ደግሞስ ጆሮን ለትምህርት መሥሪያ ማድረግ ለዚያ አገር እንግዳ ነውን? በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከከተማው አጠገብ ነው። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት የንባብ መምህር ተማሪውን ሲያቃና ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉትን በጆሮው አስለይቶ ነው። ተማሪው ቢስት መምህሩ ድምፁን ያሰሙታል፤ ልዩነቱን ሰምቶ ራሱ ያርማል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ቀዩን ቀለም ከማንሣታችሁ በፊት ልጁን «እና ብለህ ሞክረው፤ ቦታውንም ለውጠው» በሉት። በገዛ ጆሮው ያገኘውን ደንብ በብሔራዊ ፈተናም በመሥሪያ ቤትም አይረሳውም። ያ የገበሬ ልጅም የአባቱን ሁለት ትልልቅ ጥቁር በሬዎች ማንም በሰረዝ ሳይለያያቸው ባንድ ቀንበር ጠምዶ ይጻፍ፤ የተቀነሰችበትም ነጥብ ትመለስለት።