ስድስት ዶሮ ለ17 ሰው፦ የፋሲካን ማዕድ እንደ ቅርጫ ብናቅደውስ?

ፋሲካ ሲቃረብ ስልኬ ላይ የሚመጣው ቪዲዮ ሁሉ ምግብ ነው። ጾሜን ይዤ ስክሪኑን በገፋሁ ቁጥር አንዱ «የፋሲካ ብራንች» ብሎ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ቀለም የተቀባ እንቁላልና ሰላጣ ይደረድርልኛል። ብራንች ማለት በአጭሩ ቁርስና ምሳን አንድ አድርጎ ረፋድ ላይ ተሰብስቦ መብላት ነው። ያምራል። እኔን ግን ያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው፦ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን እንደማይበስል ጭምር ቀድመው ጽፈውታል። እኛ ቤት ለፋሲካ ማንም ምንም ጽፎ አያውቅም። እማዬ ታውቀዋለች፣ አለቀ።

ዓምና የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። ቀኑን ሙሉ ስታማስል ዋለች። ማታ ነጠላችንን አጣፍተን ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሳ «እናንተ ሂዱ፣ ወጡ ገና ነው» ብላ ቀረች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመለስ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታውዷል። በላን፣ ተጎራረስን፣ ተኛን። እሷ ሳህን ስታነሳ ነጋ። እሁድ ረፋድ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ወሰዳት። 55 ቀን ሙሉ የጾመች ሴት የትንሣኤን ቅዳሴ በሽንኩርት ምክንያት አጣች፣ ፋሲካዋንም ተኝታ አሳለፈችው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ለዶሮውና ለቅቤው ከጓደኛዋ ተበድራ እንደነበር ሰማሁ። በየወሩ እየቆረጠች ስትከፍል ሦስት ወር ፈጅቶባታል። «እማ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ስላት፣ «በዓል ነዋ ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችኝ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ስለ መንግሥት በጀት ጉድለት ፖስት እያደረግኩ፣ የገዛ ቤቴን ጉድለት አላየሁትም። አፈርኩ።

ከዛ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። እማዬ፣ ሁለት አክስቶቼና አጎቴ ሁላችንም አዲስ አበባ ነን። አራት ቤት፣ ሕፃናቱን ጨምሮ 17 ሰው። ዓምና ሁለቱ ቤቶች ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ አንድ ዶሮ አርደዋል፤ በድምሩ ስድስት ዶሮ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ስለዚህ 72 ብልት። ለአንድ ሰው ከአራት በላይ ማለት ነው፣ የሦስት ዓመቷ የአጎቴ ልጅ ሳትቀር! በእማዬ ልክ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ይገባል፤ ስድስቱ 15 ኪሎ በሉ። ያ ሁሉ በአራት ወጥ ቤት፣ በአራት ሴት እጅ፣ በአንድ ቀን ተከተፈ።

በዕለቱ ያደረግነው ደግሞ ምንድን ነው? አራቱንም ቤት እየዞርን አንድ ዓይነት ምግብ በላን። ክላስ ውስጥ «ማርጂናል ዩቲሊቲ» ሲሉን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ በደንብ የገባኝ ፋሲካ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ቤት ዶሮ ገነት ነው። ሁለተኛው ጥሩ ነው። አራተኛው ቤት ላይ አክስቴ «በሞቴ» እያለች ስታጎርሰኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከበርበሬው አይደለም። ሁለት ወር ገደማ ቅባት ያልነካ ሆድ በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ ሲቀበል ሰኞ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

የሚገርመው መፍትሔው እጃችን ላይ መሆኑ ነው። በሬ ለብቻ አርዶ መብላት ለአብዛኛው ቤት ከአቅም በላይ ስለሆነ ቅርጫ አለን። ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ በሬው በጋራ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ መደብ በመደብ እኩል ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል። ወጪው ይታወቃል፣ ሥራው ይከፋፈላል፣ በዚህ የሚያፍር ሰው የለም። ታዲያ በሬን ተካፍለን የምንበላ ሰዎች ዶሮ ላይ ስንደርስ ለምን እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይጨነቃል? መልሱ ይመስለኛል፣ የበሬውን ሒሳብ ወንዶች በአደባባይ ይሠሩታል፤ የዶሮው ሒሳብ ግን በእናቶቻችን ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ያልተጻፈ ወጪና ያልተቆጠረ ድካም ደግሞ የሌለ ይመስላል።

እና ዘንድሮ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዕቅድ ለጠፍኩ። እንዲህ ይላል፦

ዶሮው ሦስት ይሁን። 36 ብልት ነው። ለጾም መፍቻ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልት፣ ለእሁድ ረፋድ አንድ ብልት፤ ይሄ 34 ይሆናል። ሁለቱ ለድንገተኛ እንግዳ። እንቁላል እንደ ልብ ይጨመር። ሁሉም በአንድ ቤት፣ በአንድ ድስት ቅዳሜ ጠዋት ይጀመር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይለቅ። እያንዳንዱ ቤት የሌሊቱን ድርሻ በዕቃ ይዞ ይሄዳል። ቅዳሴው ላይ እናቶች ይገኛሉ፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

ሌሊቱ ቀለል ይበል። እኛ ቤት ድሮም ከቤተ ክርስቲያን ሲገባ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፣ ሆድ ያለሰልሳል ይባላል። ተልባ፣ ከዛ ትንሽ ወጥ በእንጀራ፣ ከዛ እንቅልፍ።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሁላችንም አንድ ቤት እንገናኝ። ዶሮው፣ አይብ፣ ጎመን፣ ድፎ ዳቦ፣ ቡና። ከነዚህ ጋር ቀይ ሥርና ድንች፣ ሰላጣ በሎሚ፣ ቲማቲም በቃሪያ ይቅረቡ። አትክልት የጾም ምግብ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጾሙን ሙሉ አብረውን የቆዩትን ነገሮች ፋሲካ ሲደርስ እንደማናውቃቸው ፊት እናዞርባቸዋለን። ያን ዕለት ሆዳችን በጣም የሚፈልጋቸው እነሱን ነው። ዋጋቸውም ከቅቤው ጋር አይወዳደርም። ድፎው የትልቋ አክስቴ፣ አይቡ የአጎቴ ሚስት፣ ሰላጣው የእኛ የወጣቶቹ። ወጪው በቤት ሳይሆን በሚሠራ ሰው ቁጥር ይከፈል።

ሥጋው አይቸኩል። የቅርጫውን መደብ እሁድ ዕለት መጨረስ ግዴታችን አይደለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ቤተ ክርስቲያኗ ሃምሳ ቀን የሰጠችንን ደስታ እኛ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልንጨርሰው እንሟሟታለን።

ገበያው ቀደም ይበል። ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ከሆሳዕና በፊት ይገዛ፤ አይበላሹም። ሁላችንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት አንድ ገበያ ላይ ስንጋፋ ነጋዴው ዋጋ ቢጨምር አይፈረድበትም፣ የጠራነው እኛ ነን።

ይሄን ስጽፍ የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ። «በዓልን በካልኩሌተር?» ትሉኛላችሁ። እማዬም ያለችው ይሄንኑ ነው፦ «ሰው ቤቴ መጥቶ ዶሮ ቢያልቅ ምን ይለኛል?» ይሄ ፍርሃት ቀልድ አይደለም። ለእሷ ትውልድ የሞላ ድስት ክብር ነው። ባልና ልጅ፣ ጎረቤትና አማት የሴትን ሙያ የሚለኩት በዶሮ ወጧ ነበር። ያን ክብር በአንድ የቴሌግራም መልእክት ልቀማት አልፈልግም። ለዚህ ነው ድስቱ የሚጣደው እሷ ቤት፣ በእሷ ትእዛዝ እንዲሆን ያልኩት። ሙያው የእሷ ነው፤ ዕዳውና ድካሙ ግን የሁላችን ይሁን።

ደግሞ ቆጥቦ ማቀድ ንፉግነት የሚመስለው ካለ፣ ያተረፍነውን ሦስት ዶሮ አስቡት። አንዱን ዘንድሮ መግዛት ላልቻለች ጎረቤታችን እንድንሰጥ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዓምና በስድስት ዶሮ ስንንበሸበሽ ግድግዳ ለሚጋራን ቤት አንድ ሳህን ስለመላካችን አላስታውስም። ሁሉም ቤት ለራሱ ሲጨነቅ ጎረቤት ይረሳል።

መልእክቱን ከለጠፍኩ በኋላ ግሩፑ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ጸጥታ ሆነ። አጎቴ ብቻ አውራ ጣት ላከ፤ በኋላ እንደሰማሁት ሳያነበው ነው። ማታ ላይ ትልቋ አክስቴ በድምፅ መለሰች፦ «ሐሳብህ ሸጋ ነው የኔ ጌታ። ፈረሰኛው ለማን እንደሚደርስ ግን አልጻፍክም። ሌላው ደግሞ፣ ሽንኩርቱን ማነው የሚከትፈው?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ለሁለተኛው ግን ያኔውኑ መልሻለሁ፦ እኔ። ሰባት ኪሎ ተኩል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ እማዬ ጎን እቀመጣለሁ። እናንተስ ቤት ማን እየከተፈ ነው?