ሰልፉና መንገጫገጩ የሚነግሩን

ትንታኔ በሚወጣበት ገጽ ላይ ስለ ሮለር ኮስተር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፡፡ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ተጎትቶ ቁልቁል የሚለቀቅ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚጮህበት የመዝናኛ ባቡር ምን ትንታኔ ይወጣዋል? ይሁንና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ልጅ ለምናሳድግ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ዝም ተብላ የምታልፍ ቀን አልነበረችም፡፡ በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው ፓርክ በዚያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ በሩን ዘጋ፡፡ ኩባንያው ፓርኩ ከረጅም ጊዜ የዕድገት ዕቅዱ ጋር እንደማይሄድ ገልጾ፣ 500 ኤከር ገደማ የሚሆነውን መሬት ለመሸጥ መወሰኑን ያሳወቀው ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነበር፡፡ 70 ያህል ቋሚ ሠራተኞችን የሚነካ ውሳኔ ነው፡፡ በየሰመሩ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እዚያ ይቀበሉ የነበሩ ወጣቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፡፡

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፡፡ የሮለር ኮስተር አፍቃሪ ከሚባሉት ወገን ነው፡፡ እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ ዋና ወሬያቸው ሁለት ነው፤ የትኛው ባቡር ምን ያህል እንደሚያንገጫግጭና የትኛው ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፡፡ ከኋላ ወንበር ይሻላል ከፊት፣ መንኮራኩሩ ላይ ያረፈው ረድፍ ይመታል ወይስ መሀል ያለው፣ ጠዋት ሐዲዱ ሳይሞቅና ማታ ሲሞቅ ልዩነቱ ምንድን ነው እያሉ ሰዓታት ይፈጃሉ፡፡ መጀመሪያ የጥጋብ ወሬ መስሎኝ ነበር፡፡ ደጋግሜ አብሬያቸው ስሰለፍ ግን የገባኝ ነገር አለ፡፡ እነዚህ ልጆች ሳያውቁት የኩባንያውን ሒሳብ እየመረመሩ ነው፡፡

መንገጫገጩን እንመልከት፡፡ የእንጨት ሮለር ኮስተር ሐዲድ ተደራርቦ ከተጣበቀ እንጨት ይሠራና መንኮራኩሩ በሚያርፍበት በኩል ስስ ብረት ይለብሳል፡፡ ቶን የሚመዝን ባቡር በቀን መቶ ጊዜ ሲመላለስበት፣ ዝናቡና ፀሐዩ ሲፈራረቅበት እንጨቱ ይላላል፡፡ በተለይ ቁልቁለቱ በሚያልቅበትና ባቡሩ በሚታጠፍበት ቦታ ይጎዳል፡፡ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በየዓመቱ የተጎዳውን ክፍል አውጥቶ በአዲስ መተካት፡፡ ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው፡፡ ጥገናው የተዘለለ እንደሆነ አገር ቤት በኮረኮንች መንገድ አይሱዙ ላይ ተጭኖ የሄደ ሰው የሚያውቀው ስሜት ይመጣል፡፡ የበጀት ቅነሳን ከማንም በፊት የሚያውቀው የተሳፋሪው ወገብ ነው ማለት ነው፡፡

እርጅና ብቻውን ግን ሰበብ አይሆንም፡፡ በተዘጋው ፓርክ ውስጥ የነበረው ዋይልድ ዋን እ.ኤ.አ. በ1917 በማሳቹሴትስ ተሠርቶ፣ በ1986 ወደ ሜሪላንድ ተዛውሮ የቆመ ነው፡፡ መቶ ዓመት ያለፈው የእንጨት ባቡር እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ወዳጆች ነበሩት፡፡ በአንፃሩ ኦሃዮ ውስጥ በኪንግስ አይላንድ ፓርክ በ2000 የተከፈተው ሰን ኦፍ ቢስት በዓለም ረጅሙ የእንጨት ሮለር ኮስተር ተብሎ ብዙ ተወርቶለት፣ ገና ከጅምሩ ተሳፋሪው በመንገጫገጩ ያማርረው ነበር፡፡ በጁላይ 2006 ከድጋፍ እንጨቶቹ አንዱ ተሰንጥቆ ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ 27 ሰዎች ተጎዱ፡፡ በ2009 ሥራ አቆመ፤ በ2012 ፈረሰ፡፡ መንገጫገጭ ሁሉ አደጋ ነው እያልኩ አይደለም፡፡ አብዛኛው አደጋ አይደለም፤ አንዳንዱም ሰው የሚወደው የእንጨት ጠባይ ነው፡፡ ነገር ግን የአፍቃሪዎቹ ማጉረምረም መረጃ ነበር፡፡

መላ እንዳለውም ታይቷል፡፡ ቨርጂኒያ በሚገኘው ኪንግስ ዶሚኒየን ከ1994 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ኸርለር ሐዲዱ ወደ ብረት ተቀይሮ በ2018 ትዊስትድ ቲምበርስ በሚል ስም ተከፈተ፡፡ ሰው የሚሸሸው ባቡር ሰው የሚሻማበት ሆነ፡፡

ወደ ሰልፉ ልምጣ፡፡ ለእኛ ሰልፍ አዲስ አይደለም፤ በቦኖ ውኃ ጀሪካን ደርድረን፣ በቀበሌ ሱቅ ተራ ጠብቀን ያደግን ሰዎች ነን፡፡ ቢሆንም ባለፈው ሰመር በአንድ ፓርክ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) ለሁለት ደቂቃ ጉዞ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆምን፡፡ ሰዉ ብዙ ስለሆነ ነው ብዬ ተጽናናሁ፡፡ ልጄ ግን ‹‹አባዬ፣ ሰዉን ተወውና ባቡሩን ቁጠር›› አለኝ፡፡ ቆጠርኩ፡፡ ሁለት ባቡር መመላለስ በሚችልበት ሐዲድ ላይ የሚሠራው አንድ ብቻ ነበር፡፡

ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ 24 ሰው የሚጭን ባቡር በየሁለት ደቂቃው ከተነሣ በሰዓት 720 ሰው ያስተናግዳል፡፡ አንዱ ባቡር ከቆመና ቀሪው በየአራት ደቂቃው ብቻ ከተነሣ 360 ይሆናል፡፡ ከፊቴ 360 ሰው ቢኖር በመጀመሪያው አሠራር ግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ ማለት ነው፡፡ ሰዉ አልጨመረም፤ የቀነሰው ባቡሩና ቀበቶ የሚፈትሸው ሠራተኛ ነው፡፡

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፡፡ በዚያው ፓርክ ተጨማሪ ዶላር የከፈለ ሰው በሌላ በር ገብቶ ይሳፈራል፡፡ ግማሹ ወንበር ለእነሱ ከተያዘ ለተራው ሰልፈኛ በሰዓት የሚቀረው 180 ቦታ ነው፤ የእኔም አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሆነ፡፡ አገር ቤት ዘበኛውን የሚያውቅ ሰው ጀሪካኑ ወደፊት ይገፋለት ነበር፤ እዚህ ዘበኛው ደረሰኝ ይሰጣል፡፡ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስን ሲጀምር ለሁሉም ነፃ ነበር፤ በ2021 ግን በክፍያ ተተካ፡፡ በእኔ እምነት የችግሩ ሥር ይህ ነው፡፡ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ማለፊያው ይሸጣል፡፡ ሰልፉን የማሳጠር ኃላፊነት ያለበት አካል ከርዝመቱ ገቢ ካገኘ፣ ሁለተኛውን ባቡር ለማሠራት ምን ያስቸኩለዋል? ሆን ብለው ያስረዝሙታል የሚል ማስረጃ የለኝም፤ አያስፈልግምም፡፡ ቸልታው ብቻውን በቂ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ከሜሪላንዱ ፓርክ መዘጋት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሲክስ ፍላግስና የኪንግስ ዶሚኒየን ባለቤት የነበረው ሴዳር ፌር እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ተዋህደው 42 የመዝናኛና የውኃ ፓርኮችን የያዘ አንድ ኩባንያ ሆኑ፡፡ ለባለአክሲዮኖች የቀረበው ተስፋ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 120 ሚሊዮኑ ከወጪ ቅነሳ የሚገኝ ነው፡፡ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳም አለ፡፡ ከውህደቱ በፊት የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው ፓርክ ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ አንዱ ቢያስከፋህ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ፡፡ ከውህደቱ በኋላ ግን ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ፡፡ በአንድ ቤት ደግሞ ጥገና የሚጠይቀውን አሮጌ ልጅ መሸኘት ከሌላው ጋር ከማወዳደር ይረክሳል፡፡

አፍቃሪዎቹ የዘነጉት ነገር ግን አለ፡፡ ‹‹ያ ፓርክ ያንገጫግጫል፣ ሰልፉም አይንቀሳቀስም፣ ቢዘጋ ምን ይጎድላል›› ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ ልጄም አንዱ ነበር፡፡ እነሱ የሚያወዳድሩት በአውሮፕላን ተሳፍረው ኦሃዮና ፍሎሪዳ ካዩት ጋር ነው፡፡ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ የላንግሊ ፓርክ ወይም የሲልቨር ስፕሪንግ አባት ግን ከሥራ መልስ ልጆቹን ይዞ ብቅ የሚልበት፣ በዓመት ካርድ የሚገባበት ሌላ ቅርብ ፓርክ አልነበረውም፡፡ ለእሱ የሰልፉ ርዝመት የሚለካው ከቤቱ በር ጀምሮ ነው፡፡ አሁን በዚያ ላይ ደርሶ መልስ የአራት ሰዓት መንዳት ተጨመረበት፡፡

የመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ ልሂድ ብሎ የጠየቀኝ ያው ልጄ ነው፡፡ ዋይልድ ዋን ላይ ሦስት ጊዜ ተሳፈረ፤ እኔ አንዴ፡፡ አንገቴን እያሸሁ ስወርድ የኋላው ረድፍ ላይ መቀመጥ አልነበረብህም አለኝ፡፡