አንድ ቅጂ መጠባበቂያ አይደለም

«አትስጋ፣ ክላውድ ላይ አለ።» የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም፣ ሠርግ የሚቀርጸው ባለሙያም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪም ይህን ይላሉ። ፋይሉ ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ሰርቨር ከተላከ በኋላ ባለቤቱ ኃላፊነቱን ያስረከበ ይመስለዋል። ቦታ ለማስለቀቅም ዋናውን ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ የዓመታት ሥራው ያለው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም በሌላ እጅ ነው። ይህ ልማድ አደገኛ ነው። «ኩባንያው ትልቅ ስለሆነ አይጠፋም» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም።

የደቡብ ኮሪያን መንግሥት የሚያህል አቅም ያለው ተቋም ጥቂት ነው። ይህ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ሠራተኞቹ የሥራ ሰነዶቻቸውን በቢሮ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ትተው ጂ-ድራይቭ በተባለው የመንግሥት ክላውድ እንዲያኖሩ መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ ባለው ብሔራዊ የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሣ። 858 ቴራባይት የሚሆን የጂ-ድራይቭ ይዘት ወደመ፤ በሌላ ቦታ ምንም ቅጂ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ውጭ ቅጂ መያዝ አልተቻለም የሚል ነው። መመሪያው በየቢሮው ሊኖር ይችል የነበረውን ሁለተኛ ቅጂ አስቀረ፤ ማዕከሉ ደግሞ በምትኩ ሌላ አላዘጋጀም።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሏል። የመጠባበቂያ አገልግሎት ከፍለው ከገዙት ደንበኞች መካከል ቅጂያቸው እዚያው ተቀምጦ አብሮ የነደደባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሊል የንግድ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለአንድ እንዲህ ላለ ደንበኛ ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። ካሳ ግን የጠፋ ፋይል አይመልስም።

አቅራቢዎቹ «የምናስቀምጠው ነገር ለመጥፋት ያለው ዕድል ከቁጥር የማይገባ ነው» ይላሉ። አማዞን ለኤስ-3 የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቱ የሚጠቅሰው ያለመጥፋት ዕድል 99.999999999 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ዲስክ መበላሸት ነው። አካውንት ስለመዘጋቱ፣ የይለፍ ቃል ስለመሰረቁ፣ በስሕተት ስለሚሰጥ የማጥፊያ ትእዛዝ ምንም አይልም። ብዙ ሰው ፋይሉን የሚያጣው ግን በእነዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ አባት የታመመ ልጁን ፎቶ ለሐኪም ብሎ ሲያነሣ የጉግል መቆጣጠሪያ ወንጀል ነው ብሎ ጠቆመው። ፖሊስ መርምሮ ነፃ ቢያደርገውም አካውንቱ አልተመለሰለትም፤ ኢሜይሉም ፎቶዎቹም አብረው ቀሩ። ዲስኩ አንዳች አልሆነም። በሩ ግን ተዘጋ።

በእኛ አገር ደግሞ በሩን የሚዘጋው ኩባንያው ብቻ አይደለም። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ብቸኛ ቅጂውን ክላውድ ላይ ላኖረ ሐኪም ወይም የሕግ ባለሙያ የአቅራቢው ጥራት ምን ጠቀመው? የአገልግሎቱን ክፍያ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ የሚከፍልለት ሰውም፣ ያ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ የፋይሉ ዕጣ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያያል።

ሌላው ስሕተት ማመሳሰልን ከመጠባበቂያ ጋር ማምታታት ነው። ጉግል ድራይቭና መሰሎቹ ሥራቸው በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ይዘት እንዲኖር ማድረግ ነው። ስለዚህ በአንዱ የጠፋው በሌላውም ይጠፋል፤ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ኮምፒውተሩን ሲመታም የተበላሸው ቅጂ ወደ ክላውዱ ይሻገራል። ማይክሮሶፍት በአገልግሎት ውሉ ውስጥ ደንበኞቹ የይዘታቸውን ቅጂ በየጊዜው እንዲይዙ ራሱ ይመክራል። ሻጩ እንኳ ያላለውን እኛ ለምን እናምናለን?

«የቤት ሃርድ ዲስክስ አይወድቅም? አይሰረቅም?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከትልቅ ኩባንያ ሰርቨር ቀድሞ ይበላሻል። ነገር ግን የእናንተ ዲስክ በወደቀበት ቀንና በዚያው ምክንያት የአቅራቢው ማዕከል አይወድቅም። ጥበቃው ያለው ከዚህ ልዩነት ነው፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለውም ለዚህ ነው። በሜይ 2024 የአውስትራሊያው ዩኒሱፐር የጡረታ ፈንድ ይህን አይቷል። ጉግል ክላውድ በውቅር ስሕተት የፈንዱን የግል ክላውድ ሰረዘው፤ በሁለት አካባቢዎች የነበረው ግልባጭ እንኳ አብሮ ሄደ። ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ፈንድ ከጥፋት ከተረፈባቸው ነገሮች አንዱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያኖረው ቅጂ ነው።

እንግዲህ አቅራቢው የማያስተማምን ሲመስል፣ ፋይል ሲጎድል ወይም አገልግሎቱ ሲቆራረጥ ምን ይደረግ? የተለመደው ምላሽ አካውንቱን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ሌላ ኩባንያ ማዛወር ነው። ይህ ያንኑ ስሕተት በሌላ ስም መድገም ነው። በኖቬምበር 2023 የጉግል ድራይቭ ተጠቃሚዎች የወራት ፋይል ጠፋብን ሲሉ ኩባንያው የመከረው አካውንቱን ከኮምፒውተሩ እንዳያላቅቁና የፕሮግራሙን ፎልደር እንዳያጠፉ ነበር፤ ቸኩሎ ማጽዳት የቀረውንም ሊያስወስድ ይችላልና።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አታጥፉ። ያለውን ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስክ አውርዱ፤ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ከክላውዱ ጋር አመሳክሩ። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ፤ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረሱ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አቅራቢ ጨምሩ፤ ምስጢር የሆነውን ከመላካችሁ በፊት በይለፍ ቃል ቆልፉ፣ ቃሉንም ከክላውዱ ውጭ ያዙ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሕግ ይህንኑ ይላል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ያልተሞከረ ቅጂ ግን አይታመንም። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስሕተት ሲያጠፋ አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት፤ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በተያዘ ቅጂ ነው። በየወሩ ጥቂት ፋይሎችን መልሶ አውጥቶ የሚከፍት ሰው እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ አይገጥመውም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የሕዝብን መዝገብ በአንድ አካውንት አታኑሩ፤ ቢጠፋ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። አንባቢ ሆይ፣ ፈጽሞ እንዲጠፋብህ የማትፈልገውን አንድ ፋይል አስብና ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ ራስህን ጠይቅ። ከሌለ ዛሬውኑ ገልብጥ።