ጉልቻውን ማን ይቀይረው?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ልክ ነው። ግን ጉልቻው ተሰንጥቆ ድስቱን ሊደፋው ሲል ዝም ይባላል እንዴ?

የማወራው ስለ ሶፍትዌር ነው። ማንም ገልጦ የሚያያቸውና የሚያሻሽላቸው «ኦፕን ሶርስ» ፕሮግራሞች አሉ። የአንድሮይድ ስልካችን ልብ የሆነው ሊኑክስ የዚሁ ወገን ነው። የተጻፈውን ኮድ ሰብስቦ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መመሪያ «ቢልድ ሲስተም» ይባላል። ጉልቻ ያልኩት እሱን ነው። ብዙዎቹ ዛሬም አውቶቱልስ በሚሉት አሮጌ ጉልቻ ላይ እንደተጣዱ ናቸው። ታዲያ አንዱ በጎ ፈቃደኛ ይነሳና «በነፃ ልቀይርላችሁ» ይላል።

እሰየው! ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤስኮንስን ሞክሮ አልሆን ቢለው፣ በ2006 ወደ ሲሜክ ዞሮ ተሳክቶለታል። የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስም በ2022 ሜሰንን ሲያስገባ አውቶኮንፍን አላፈረሰም፤ ጎን ለጎን አስኬደው እንጂ።

ግን ሳሩን አይተን ገደሉን አንርሳ። ጂያ ታን ነኝ ያለ «በጎ ፈቃደኛ» ከ2021 ጀምሮ፣ አንድ የደከመው ሰው ያለ ደመወዝ የሚጠብቃትን ኤክስዚን «ላግዝ» ብሎ ተጠጋ። አመኑት፤ ቁልፉን ሰጡት። በ2024 መርዙን ለሙከራ በተባለ ፋይል ሸሸገው። ወደ ድስቱ ያስገባው ግን በምን በኩል መሰላችሁ? በጉልቻው! መርዙን የሚቀሰቅሰውን የቢልድ መመሪያ ያኖረው በሚታደለው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ሌላ የጥበቃ ፍተሻም በአንዲት ነጥብ ሽባ አድርጎ ነበር። ማርች 2024 ላይ ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ «ሰርቨር ውስጥ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን ዘገየ?» ብሎ ስለጠየቀ። የፖስትግሬስን ሜሰን ከሠሩት ዋነኛው ይኸው ሰው ነው። ጉልቻ የሚያውቅ ጢሱን ያሸታል!

እኔ በበኩሌ ረጂ አይምጣ አልልም። ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሥራውን እየከፋፈለ ያሳይ፤ አዲሱ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን አይንካ፤ ከሁሉ በላይ ጥዶ አይሂድ! ቀይሮ የጠፋ ሰው ዕርዳታ ሳይሆን ዕዳ ነው የተወው። ባለቤቶቹም መመሪያውን መስመር በመስመር ያንብቡ፤ የሚታደለውን ጥቅል ከዋናው ኮድ ጋር ያመሳክሩ።

እኛስ? ወጡን በነፃ ስንበላ ጉልቻውን ማን እንደሚጠብቀው ጠይቀን እናውቃለን?