ዝምታ እሺታ ነውን?

በተማሪው መካከል አንድ ፍርድ እየተለመደ መጥቷል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያልተናገረ ምሁር ሁሉ አድርባይ ነው ይባላል። ይህን ፍርድ በጅምላ ለሚሰጡ ጓደኞቻችን የኢስቶኒያውን የሙዚቃ ደራሲ የአርቮ ፔርትን ታሪክ እናቀርብላቸዋለን። (ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

ፔርት በ1935 ተወልዶ፣ በታሊን ኮንሰርቫቶር ተምሮ፣ አገሩ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችበት ዘመን በሬዲዮ ጣቢያ በድምፅ ቀረጻ ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1960 በጻፈው «ኔክሮሎግ» የምዕራባውያንን የአሥራ ሁለት ድምፅ ስልት ስለ ተጠቀመ ተነቀፈ። የባሰው በ1968 መጣ። «ክሬዶ» የተባለው ድርሰቱ በኔሜ ያርቪ መሪነት ታሊን ላይ ተሰማ። በዚህ ሥራ የባኽ ጸጥ ያለ የፒያኖ ዜማ እየተቃወሰ ሄዶ ትርምስ ይሆናል፤ መዘምራኑ የበቀልን ሕግ ሲጮኹ ትርምሱ ጣራ ይነካል፤ በመጨረሻም ባኽ ይመለሳል። በክርስቶስ ማመንን በአደባባይ መዘመር በዚያ አገር የሚታለፍ ነገር አልነበረምና ሥራው ለብዙ ዓመታት እንዳይሰማ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ፔርት እስከ 1976 ድረስ ዝም አለ ለማለት ይቻላል። ለእንጀራው የፊልም ሙዚቃ ይጽፍ ነበር፤ በ1971ም ሦስተኛውን ሲምፎኒ አውጥቷል። የቀረውን ጊዜ ግን የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በማጥናትና ደብተር በደብተር ላይ በመሙላት አሳለፈው።

ፈራ ትሉን ይሆናል። ነገር ግን ባለሥልጣኖቹን ደስ የሚያሰኝ ሙዚቃ እንዴት እንደሚጻፍ ፔርት አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ በ1962 በሞስኮ የወጣት ደራስያን ውድድር ተሸልሟል። መንገዱ ክፍት ነበር፤ አልተመለሰበትም።

በ1976 ያወጣው «ለአሊና» ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ የፒያኖ ቁራጭ ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ይዛ ስትሄድ ግራ እጅ ከሦስት ድምፆች አትወጣም። በአንድ ቦታ ብቻ ከወሰኗ ትወጣለች፤ እዚያ ላይ በኖታው አበባ ተስሎበታል። (ሳንሱር ለማድረግ የሚያስቸግር አበባ!) ፒያኖ ለአንድ ወር የተማረ ሁሉ ይጫወተዋል እያሉ የሚያቃልሉት አሉ። ጣት ላይ ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ግን በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ መካከል አንዲት የተሳሳተች ድምፅ የምትደበቅበት ጥግ የላትም።

ፔርት በ1980 ከነቤተሰቡ ተሰደደ። በ2008 ደግሞ አራተኛውን ሲምፎኒ በሩሲያ እስር ቤት ለነበረው ለሚካኢል ኮዶርኮቭስኪ መታሰቢያ አደረገው። አድርባይ እንዲህ አያደርግም።

ዝምታ ሁሉ የፔርት ዝምታ ነው አንልም፤ በዝምታው ደመወዝ የበላም ሞልቷል። እኛ የምንጠይቀው፣ ከመፍረድ በፊት ሰውየው በዝምታው ውስጥ ምን ሲሠራ እንደ ነበረ እንዲመረመር ነው። የሙዚቃ ክበባችንም «ክሬዶ»ንና «ለአሊና»ን በአንድ ምሽት ቢያሰማን ክርክሩን ከዚያው እንቀጥላለን።