ሚኒሞ መያዝ ፈተና አይደለም
በኢሲዩ (የሞተር መቆጣጠሪያ) ውስጥ ባለ አንድ ድራይቨር ትራንዚስተር ላይ ሁለተኛ ኢንጀክተር ደርበን ሞተሩ ከተነሣና ሚኒሞውን ከያዘ ኢሲዩው ጭነቱን ችሏል የሚለው ሰውን ንብረት የሚያሳጣ ምክር ነው። ስሌቱን እንየው።

በደቂቃ 800 ዙር ላይ ኢንጀክተሩ በየ150 ሚሊሰከንዱ አንዴ፣ ለ3 ሚሊሰከንድ ያህል ይከፈታል። ትራንዚስተሩ 98 በመቶውን ጊዜ ያርፋል ማለት ነው! በ6000 ዙር ግን ዑደቱ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ 16ቱን ክፍት ከዋለ እረፍቱ 20 በመቶ ይሆናል። የሚቃጠለው እዚያ ነው፤ ያውም መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ።

ባለ12 ኦም ሁለት ኢንጀክተሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 6 ኦም ይሆናሉ። በ14 ቮልት 1.2 አምፔር ገደማ የነበረው ጅረት 2.3 ይደርሳል። ጅረቱ ሲቋረጥ ጥቅልሎቹ የሚመልሱት ኃይልም እጥፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚውጠው ያው ትራንዚስተር ነው። በአምፖል መፈተንም ስለዚህ አያዋጣም፤ አምፖል ይህን ምት አይመልስም።

ፈተና ከተባለ ኢሲዩውን ክዳኑ እንደተዘጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እውነተኛ ኢንጀክተሮች አስሮ፣ ከዑደቱ 80 በመቶውን ክፍት አድርጎ ማሠራት ነው። ኦሲሎስኮፑ ትራንዚስተሩ ሲበራ በላዩ የሚቀረውን ቮልቴጅ ያሳያል። ሙቀቱ ሲጨምር ያ ቮልቴጅ አንድ ቦታ ሳይረጋ መውጣቱን ከቀጠለ ጭነቱ በዝቶበታል።